እንደ ልጅ የኖረችው ሴት ማሳ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ከከተማ የመጣ አንድ የሟች ዘመድ "በእኛ አገር ባሪያ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበሩትም እንደ ልጅ ነው የኖሩት" አለ። አዛውንቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁለት። እኔ የያዝኩትን ንፍሮ አስቀመጥኩ።

"የኔ ልጅ፣ አባትህ ሲሞት ማን ወረሰ?"

"እኔና ወንድሞቼ ነን፣ እማማ።"

"ቤታችሁ እንደ ልጅ የኖረችውስ?"

ፊቱን ወደ አዛውንቶቹ አዞረ። አንዱ ሽማግሌ "ተይ እንጂ፣ ለቅሶ ላይ ነን" አለኝ። እዚያ ተውኩት፤ ቤቴ ገብቼ ግን መተው አቃተኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ ነው። እጄ ቀርፋፋ ነው። ቢሆንም ይህን ራሴ እጽፈዋለሁ።

የተዳርኩት ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚወርደው በኩል፣ ርስተ ብዙ ከሆነ ቤት ነው። በዚያ ቤት አንዲት ሴት ነበረች። እናቷን ነጋዴዎች ከዓባይ ማዶ አምጥተው ለባሌ አያት ሸጠዋታል፤ እሷ እዚያው ጓዳ ተወለደች። እኔ ስገባ ባርነት በአዋጅ ከቀረ ቆይቷል፤ "እሷማ ልጃችን ናት" ይሉ ነበር። ልጅነቷ ይህ ነው፦ ከሁሉ በፊት ትነሳለች፣ ከሁሉ በኋላ ትበላለች፣ ወፍጮው ሥር ትተኛለች። ባል የፈለገላት የለም። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ "እትዬ" አልኳት። የባሌ እናት ለብቻዬ ጠርተው "እትዬ የሚባለው ሰው ነው" አሉኝ። "እሷስ ምንድን ናት?" ብላቸው ስንት ቀን አኮረፉኝ።

ከዚያ ዝናቡ ተከታትሎ ቀረ። ከብቱ ተመናመነ፣ ጎተራው ተራቆተ። አንድ ጠዋት የባሌ እናት እትዬን ደጃፍ ላይ አቆሟት።

"ስሚ፣ ጃንሆይ ነጻ አውጥተውሻል እኮ። የያዘሽ የለም። አገሩ ሰፊ ነው፣ ሂጂ።"

እትዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "አዋጁ ዛሬ ነው የደረሳችሁ፣ እመቤቴ?"

"አፍሽን ያዢ!"

ባቄላውም ገብሱም ሞልቶ በነበረበት ዘመን ሁሉ መንገድ የጠፋው አዋጅ፣ የሚፈጭ ሲጠፋ ቤታችን ደረሰ። ለልጄ ደብቄው ከነበረው ቆሎ እፍኝ ቋጠርኩላት። ሳለቅስ አይታ "አብሽሪ" አለችኝ። አጽናኟ እሷ ሆነች። በዚያ ዓመት ያንን ልጄን ቀበርኩ፤ የባሌን አባትና እናትም ቀበርን። አገሩ ለቅሶ መድረስ እንኳ ትቶ ነበር።

ንጉሡ ወረዱ፤ "መሬት ላራሹ" ተባለ፤ ዘማች ተማሪዎች የመለኪያ ገመድ ይዘው መጡ። እትዬም ደሴ መንገድ ዳር ከነበረው የረሃብተኛ መጠለያ ተርፋ በእግሯ ተመለሰች። ቤት አልፈለገችም፣ ምጽዋት አልጠየቀችም። መሬት የሚከፋፈልበት ስብሰባ መካከል ቆማ "ይህን መሬት ያረምኩት፣ ያጨድኩት እኔ ነኝ። ድርሻዬን ስጡኝ" አለች።

በእኛ አገር ርስት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ድረስ ትውልድ ቆጥሮ በመድረስ ነበር። የቆጠረ ይወስዳል፣ ያልቆጠረ የሰው ጢሰኛ ሆኖ ይኖራል። አዋጁ ይህን ሽሮታል፤ ሰዉ ግን ገና ያንኑ ነበር የሚያውቀው።

"እስኪ ቁጠሪ!" አላት አንዱ ባለርስት። "አባትሽ ማን ነው?" ተሳቀ።

"አባቴንማ እናንተ ቁጠሩልኝ። እናቴ ስሙን እንዳትጠራ ተከልክላ ነው የሞተችው።"

ሳቁ ቆመ። ተማሪው ግራ ተጋብቶ ወዲያ ወዲህ አየ። እኔ ተነሥቼ ተማሪውን ጠራሁት።

"የኔ ልጅ፣ አንድ ጊዜ ፈገግ በይ በላት። ከዚያ ባሌን ፈገግ በል በለው።"

የባሌ አባት ፍንጭት ነበሩ። ባሌም ፍንጭት ነው። እሷ ፈገግ አላለችም፤ አገሩ ግን ጥርሷን ያውቀዋል። ባሌ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

ዕጣ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለችው ማሳ ደረሰቻት። የዚያኑ ዕለት ከወንዝ ትልቅ ድንጋይ ተሸክማ አመጣችና ድንበሯ ላይ ተከለች። ላግዝሽ ብላት እምቢ አለች።

ቤት ስገባ ባሌ ጠመንጃውን እየወለወለ ነበር። "መሬቱን ይውሰዱት። እህትህ ናት ያልሽውን ግን አልሸከምም።"

"መች ተሸከምካት? እሷ ናት ውኃ ስትሸከምልህ የኖረችው።"

ከሌሎቹ ባለርስቶች ጋር ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ሸፈተ። ያንን ውጊያ የሚያወሩ ሁሉ ስለ መሬት ነበር ይላሉ። ከእኔ ቤት የወጣው ጠመንጃ ግን ማን እህት ይባላል በሚል ነው የወጣው። ባሌ እዚያው ቀረ፤ ሬሳውንም አላየሁ። ዘመዶቹ "በምላስሽ ገደልሽው" አሉኝ። እትዬ ልታስተዛዝነኝ ብትመጣ ከደጅ መለሷት፤ ወንድሟን እንኳ አላስለቀሷትም።

ገብሷ ደረሰ። በእኛ ዘንድ ሴት አውድማ አትረግጥም፤ በረከት ይሸሻል ይባላል። ስለዚህ ወንድ መፈለግ ነበረባት። ከባለርስቶቹ ወገን ማንም እንደማይመጣ እናውቃለን። ትናንት ጢሰኛ የነበሩት፣ ዛሬ የገበሬ ማኅበሩን የያዙትም "የባሪያ አውድማ አንረግጥም" አሉ። በእነዚህ ነው ልቤ የተሰበረው።

በሬዎቼን ነድቼ ሄድኩ። ጫማችንን አወለቅንና ገባን።

"ያረቢ! እትዬ፣ በረከቱ ሲሸሽ ይታይሻል?"

"የት ይሸሻል? መቼ እኔ ዘንድ መጥቶ ያውቅና!"

እየሳቅን ወቃን። ያቺን ፍንጭቷን በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጥቂት ዓመት በላች። ከዚያ ዝናቡ እንደገና ቀረ። "ሴቶቹ አውድማ ረግጠው ነው" ተባለ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ያው የቀድሞ ጢሰኛ፣ ለሰፈራ የሚሄዱትን ሲጠራ አስቀድሞ እሷን ጠራ። "በፈቃዷ ነው" አለ።

"ማን ፈቀደ? አንተ ነህ ፈቃዷ?" ብዬ ጮኽኩ።

"ምን ሆንሽ? የሚወስዷት ከዓባይ ማዶ ነው፤ የእናቷ አገር ነው። አብዮቱ ነጻ አውጥቷታል፤ አገሯ ትግባ።"

የባሌ እናት ደጃፍ ላይ የተናገሩት ቃል ነው፤ አንድም አልተለወጠም። ሁለቱም ነጻ ያሏት የሚቀምሱት ሲያልቅ ነው። ታጣቂ መጥቶ ከማሳዋ ላይ ወሰዳት።

መካነ ሰላም ድረስ ተከትያት ሄድኩ። የጭነት መኪናው ላይ ሰው እንደ ጆንያ ተደርድሯል። በሰው መሐል አንገቷን አወጣችና አየችኝ።

"እናቴን በእግሯ ነው ያመጧት፣ እኔን በመኪና መለሱኝ። ይኸው ለውጥ!" አለች። ከዚያ መኪናው ሲያጓራ "ድንጋዬን!" ብላ ጮኸች። "ድንጋዬን አደራ!"

ደረሰች አልደረሰች፣ የነገረኝ የለም። ከሰፈራ ጠፍተው የተመለሱትን ሁሉ ጠይቄአለሁ።

ማሳዋን ሊቀ መንበሩ አረሰው፤ ሲሞት ልጁ ያዘው። ድንጋዩን በየዓመቱ ማረሻ ይገፋዋል፤ እኔ በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሄጄ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። የቀበሌውን ደጅ ጠንቻለሁ፤ "የማሳውን ባለቤት አምጪ" ይሉኛል። የቀረኝ ድንጋዩ ነው።

ዘንድሮም ሄድኩ። ድንጋዩ ከማሳው ወጥቶ ቦይ ውስጥ ወድቋል። ጎነበስኩ። ታቀፍኩት። አልነቃነቅ አለኝ። የሊቀ መንበሩ ልጅ ጥማዱን አቁሞ ያየኛል።

"እማማ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"ድንበር እየመለስኩ።"

"የማን ድንበር?"

ነገርኩት። ከነአባቷ፣ ከነእናቷ ነገርኩት። ጅራፉን ትከሻው ላይ አድርጎ በጨዋነት ሰማኝ።

"እንዲህ ያለች ሴት እዚህ ነበረች እንዴ?" አለና በሬዎቹን መልሶ ድንጋዩ የነበረበትን አርሶት አለፈ።