በሃያ አራት ዓመቴ የተጫወትሁት አሸንድዬ

የታጨደ እርጥብ ሣር ሲሸተኝ አሸንድዬ ትዝ ይለኛል። ዛሬም ጠዋት እዚህ ላሊበላ፣ ከቤቴ በታች ያለው ሆቴል ግቢውን ሲያሳጭድ ሽታው በመስኮት ገባና ሥራ አስፈታኝ። የላስታ ልጅ ነኝ፤ የልጃገረዶቹን የነሐሴ ጨዋታ፣ አሸንድዬን፣ የተጫወትሁት ግን ጃፓን ነው። ብትስቁም ግድ የለኝም፣ እውነቴን ነው።

ልጅ ሳለሁ ሌሎቹ ልጃገረዶች ሲጫወቱ እኔ ታናናሾቼን አዝዬ ከዳር ነበር የማየው። "ለከርሞ ትጫወቻለሽ" ሲሉኝ ከርመው፣ ከርሞውን ለባል ሰጡት። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ሙጃ የሚባል አገር ዳሩኝ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ እኩዮቼ አሸንድዬ የሚባለውን ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ እየዘፈኑ ቤት ለቤት ሲዞሩ እኛም ደጅ ደረሱ። ከበሮውን ስሰማ ሮጬ ወጣሁ። አማቴ ክንዴን ያዙኝ።

"አንች እኮ ባለትዳር ነሽ! ግቢና ዳቦውን አምጥተሽ ስጫቸው።"

ሰጠኋቸው። አንዳቸውም ቀና ብላ አላየችኝም። ያን ቀን የወሰዱብኝን ይቅር አላልሁም፤ አሁንም አላልሁም።

በተዳርሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ትዳሩን ጥዬ ጠፋሁ። ላሊበላ አክስቴ ቤት ተጠግቼ ተማርሁ፤ የግብርና ባለሙያ ሆንሁ። በሃያ አራት ዓመቴም ለስድስት ወር ሥልጠና ጃፓን ተላክሁ። ያረፍሁበት ሠፈር ሰው በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሌላ ሰው ወይም አውሬ መስሎ በሰልፍ የሚወጣበት በዓል ነበረው። ያከራዩኝ ባልቴት "አንቺም ትወጫለሽ" አሉና ኪሞኖ የሚባለውን የባህል ልብሳቸውን፣ ለሙቀት ጊዜ የሚለበሰውን ስሱን፣ ዘረጉልኝ። አብሮኝ የሄደው ያገሬ ሰው፣ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ፣ ደግሞ ሌላ አሳብ ነበረው።

"የሐበሻ ቀሚስሽን ልበሽና ባንዲራ ያዢ። አገር ነው የምትወክዪው።"

"አሸንድዬ ነው የማስረው" አልሁት።

"አግብታ የፈታች ሴት? አገርሽ ቢሰሙ ምን ይላሉ?"

"ይስሙ!"

ዛሬ ሳወራው ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን አልነበረም።

የሠፈሩ ሽማግሎች ወንዙ ዳር ሲያጭዱ ሄጄ ከሣሩ ረጃጅሙን መረጥሁ። ቀሚሴን ለብሼ፣ ሣሩን ወገቤ ላይ እንደ ምንም አስሬ ወጣሁ። ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ የወረቀት ፋኖሶቹ ግን በርተው ነበር። የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል፣ በየዛፉ ያሉት በራሪ ነፍሳት ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። መግቢያው ላይ አንዲት ሴት ሁሉም የመሰለውን ነገር እየጻፈች ደረቱ ላይ ትለጥፋለች።

"ምን መስለሽ ነው የወጣሽው?"

"ልጃገረድ" አልኋት በተሰባበረ ጃፓንኛ።

"እሱንማ ነሽ እኮ!"

"አይደለሁም። ጻፊው።" ጻፈችው።

ከፊቴ የሠፈሩ ፀጉር አስተካካይ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ፊታቸውን ነጭ ለቅልቀው ሴት ሙሽራ ሆነዋል። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። እኔ አልሳቅሁም። እኔም አንዴ ሙሽራ ሆኜ ወጥቻለሁ፤ ማታ አውልቆ ወደ እናት ቤት መመለስ ግን አልነበረም።

ሰልፉ ሳይቆም እስከ መጨረሻው መሄድ ነበረበት። አሸንድዬ ደግሞ ደጅ ሳይቆም አያልፍም። እግሬ እንደ አገሩ መጀመሪያው በር ላይ ቆመ፤ እያጨበጨብሁ ዘፈንሁ። ከኋላዬ ሰልፉ ተቆለፈ፤ አስተናባሪው ፊሽካውን ነፋ፤ አለቃዬ አንገቱን ደፍቶ ከመብራት እንጨት ጀርባ ገባ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልሁና ወደ ሁለተኛው በር ሄድሁ። የቤቲቱ እመቤት ግራ ገብቷት ቆማ አየችኝና ሮጣ ገብታ፣ የተቆረጠ ሐብሐብ ይዛልኝ ወጣች። ይኸኔ ፀጉር አስተካካዩ እስከነሙሽራ ልብሳቸው መጥተው አጠገቤ ያጨበጭቡ ጀመር። ፊሽካው ዝም አለ። አንድም በር ሳልቆም አላለፍሁም። ለአማቴም፣ ለአለቃዬም፣ ለአገሩ ሁሉ በልቤ "ይኸው!" እያልሁ እስከ መጨረሻው በር ዘፈንሁ።

አገሬ ስመለስ ባልቴቷ ያነሱኝን ፎቶ ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። እንደምትቆጣ አውቄ መልሴን መንገዱን ሙሉ አዘጋጅ ነበር። የዳረችኝ እሷ ናት፤ ዛሬ ትሰማኛለች ብዬ ነበር። ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙራ ብዙ አየችው።

"ይኼን ማን አሰረልሽ?" አለች።

"ራሴ።"

"ላልቷል እኮ። ስትዘይ ይወልቃል።"

ተነሥታ የራሷን መቀነት ፈታችና ወገቤ ላይ እየጠመጠመች አስተሳሰሩን ታሳየኝ ጀመር። ያዘጋጀሁትን ትቼ ጠየቅኋት።

"አንችስ እማ፣ ስንት ጊዜ ተጫወትሽ?"

መቀነቱን ሳብ አድርጋ አጠበቀችው። ፊቷን አላሳየችኝም።

"አንድ ነሐሴ" አለች። "ከዚያ አባትሽ መጣ።"