ያልተቆረጠ ጥፍር

ነአኩቶ ለአብ ገዳም፣ ቄሱ ቁልፍ እስኪያመጡ ስጠብቅ ነው ሽማግሌውን ዘበኛ ያየሁት። ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ፣ አንዲት የድመት ግልገል በጋቢው ጠቅልሎ ጥፍሯን ይቆርጣል። የለበሰው አሮጌ የወታደር ካፖርት አዝራሩ ረግፎ ወገቡ ላይ በሲባጎ ታስሯል። አብሮት የሚጠብቀው ዘበኛ ጠመንጃ አንግቷል፤ እሱ ግን የያዘው ዱላ ብቻ ነው።

ድመቷ የመጣችው ብራና የሚበላውን አይጥ እንድትይዝ ነበር። ዳሩ ግን ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋውን የከፋይ ጥላ እየቧጠጠች ክሩን መዘዘችውና ጥፍሯ እንዲቆረጥ ቄሱ አዘዙ።

መዳፏን በአውራ ጣቱ ጫን ሲል ጥፍሯ ብቅ ይላል። ሥጋው የት እንደሚያልቅ ወደ ብርሃን ይዞ ያይና ጫፉን ብቻ ቆረጥ ያደርገዋል።

"አይዞሽ፣ እኔ ነኝ" ይላታል። አምናው ዓይኗን ትጨፍናለች። ይሄኔ ፊቱ ይጠቁራል።

የሦስት እግሯን ጨርሶ መቁረጫውን ኪሱ ከተተ።

"የአንዱ እግር ቀረ እኮ፣ ጋሼ" አልሁት።

"ይቅርላት።" ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ደርግ ወድቆ አገሬ ስገባ፣ 'መሣሪያህን ስጠኝ፣ እኔ አስረክብልሃለሁ' ያለኝ የእናቴ ልጅ ነው። አምኜ ሰጠሁት። በክረምቱ እርሻዬ ላይ በሬ ጠምዶ አገኘሁት፤ ያንኑ ጠመንጃዬን አንግቶ።"

ጋቢውን ሲፈታላት፣ ድመቷ ባልተቆረጠው ጥፍሯ እጁን ቧጥጣው ሮጠች። ደሙን አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

"እሰይ! እኔንም እንዳታምኚ።"