መርዶ እስኪመጣ የሠራናት መንኮራኩር

ባለፈው ወር መጋረጃ ልፈልግ ለንደን፣ ዌምብሊ ካለ አንድ ቻሪቲ ሾፕ ገብቼ ነበር። ሰው የሰጠው አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት፣ ሁልጊዜ የታጠበ ሱፍ የሚሸት ቤት ነው። መጋረጃ አላገኘሁም። ከሻይ ስኒዎቹ አጠገብ ግን ጥጋጥጉ የተላላጠ የካርቶን ሳጥን አየሁ። በላዩ ላይ ብርማ መንኮራኩር፣ ከሥሯ ቀይ ምድር፣ ከኋላዋ ሁለት ጨረቃ ተስሏል። ሻጩ ወጣት፣ እንዲህ ያለውን ተገጣጣሚ መጫወቻ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች እያሰሱ እንደሚገዙት፣ የልጅነት ትዝታቸው እንደሆነ ነገረኝ። የእኔም ነው አላልኩትም። ነገሩ ረጅም ነው።

አባታችን አዲስ አበባ፣ ልደታ አካባቢ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ደንበኛቸው የነበረ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ልጁ ያልከፈተውን እንዲህ ያለ ሳጥን ሰጣቸው። በውስጡ ያሉት ክፍሎች ከቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ቅጠል ተያይዘዋል፤ አንድ በአንድ በምላጭ ቆርጦ በማጣበቂያ መግጠም ነው። ክረምት ስለነበር ትምህርት ተዘግቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ታላቅ ወንድሜ መስፍንና እኔ ሱቃቸው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠን የተቀቀለ በቆሎ እየፈለፈልን እናያቸዋለን። አጉሊ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ክፍሎቹን በወረንጦ ያነሳሉ። ከመንኮራኩሯ ውስጥ የሚቀመጥ ነጂ ነበረ፤ ከገብስ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሳጥኑ ላይ ነጂው ቀላ ያለ ፈረንጅ ነው። አባታችን ግን ጠይም አድርገው ቀቡት። መስፍን ተሳስተዋል ብሎ ሥዕሉን ሲያሳያቸው፣ «እኛስ እንዳንሄድ ማን ከለከለን?» አሉት። መሐንዲስ እሆናለሁ ማለት የጀመረው ከዚያ ክረምት በኋላ ይመስለኛል።

ለንደን የመጣነው በየፊናችን ነው። እሱ በስኮላርሺፕ ቀደመኝ፤ ከአብዮቱ በኋላ ስኮላርሺፑ ተቋረጠ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በዘመድ እርዳታ ተከተልኩት። ሰሜን ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ አጠገብ እትዬ ለተብርሃን ከሚባሉ የአስመራ ሴት ቤት ፎቁ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ መሐሉን በአንሶላ ከፍለን እንኖር ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት ቢሮ አጸዳለሁ፣ እሱ ይማራል። አንድ ዓመት ወድቆ ስለነበር ኮሌጁ የመጨረሻ ዕድል ሰጥቶታል። በሰኔ የሚፈተነውን ካላለፈ የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስም፤ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። በዚያ ዘመን በእሱ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ ያውም አባቱ የታሰረበት፣ ተመልሶ ምን እንደሚጠብቀው የማያውቅ አልነበረም። አባታችንን የቀበሌ ጥበቃዎች ከሱቃቸው ከወሰዷቸው ከርሟል። በምን ምክንያት እንደሆነ የነገረን የለም።

በዚያ ጸደይ መስፍን ከእሁድ ገበያ ያንኑ የመሰለ ሳጥን ይዞ መጣ። ያው ቀይ ምድር፣ ያው ሁለት ጨረቃ ነው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም። ማታ ማታ ጥናቱ ጭንቅላቱን ሲያደክመው መጽሐፉን ገፋ አድርጎ እንገጣጥም ይለኛል። የማጣበቂያው ሽታ ራስ ስለሚያዞር መስኮቱን እንከፍታለን፤ ያኔ ከታች የእትዬ ለተብርሃን ሽንኩርት ሽታ፣ ከመንገዱ ደግሞ የተጠበሰ ዓሣና ኮምጣጤ አብሮ ይገባል። አባባ ሲፈቱ የመንኮራኩሯን ፎቶ እንልክላቸዋለን ይል ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እትዬ ለተብርሃን ኩሽና በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ኮቴን ሳላወልቅ አቀፉኝና፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉኝ። እኛ አገር ይህ ቃል ለሌላ ነገር አይባልም። እጄ የኮቴ ቁልፍ ላይ እንዳለ ቀረ። ፊቴን ሲያዩ እንዳልሰማሁ ገባቸው፤ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ወሬውን ያመጡት ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ጋሽ ወርቁ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት የሚሠሩ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሁሉ የአገር ቤት ወሬውን መጀመሪያ የሚያወርደው እሳቸው ላይ ነው። አባታችን እስር ቤት ታመው እንደሞቱ ከአንድ መንገደኛ ሰሙ። እሳቸውና ሌሎች የአገራችን ሽማግሌዎች ተማክረው መርዶውን ከመስፍን ፈተና በኋላ ለሁለታችንም ባንድ ላይ ሊያረዱን ቆርጠው ነበር። እትዬ ለተብርሃን ግን ጋሽ ወርቁ ለእኔ ለብቻዬ አስቀድመው የነገሩኝ መስሏቸው ነው።

ለመስፍን እንንገረው አልኳቸው እትዬ ለተብርሃንን። እያለቀስኩ ለመንኳቸው።

«ዛሬ ብንነግረው ፈተናው ላይ ምን ይጽፋል?» አሉኝ። «ወድቆ እሱም እዚያው ይመለስ? አባትሽ ይህን ይወዳሉ?»

ማምሻውን ጋሽ ወርቁ መጡና ከደረጃው ሥር ቆመን አነጋገሩኝ። ጥቁር እንዳልለብስ፣ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ እንድታጠብ፣ ሐዘንተኛ የምትመስል ሴት ከጓደኞቼ መካከል ቤት እንዳትመጣ መከሩኝ። «ምግብም እንዳትተዪ» አሉ በመጨረሻ፤ «ያውቅብሻል።» ከላይ የመስፍን እግር ሲንቀሳቀስ ይሰማን ነበር።

እንዲህ ሆኖ ግንቦት አለፈ። ከመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ነጭ አበባ አውጥተው ነበር፤ ለንደን በዚያ ወቅት እንዴት እንደምታምር አስታውሳለሁ፤ ያኔም ማማሯ ይከብደኝ ነበር። የማለቅሰው ልብስ ማጠቢያ ቤት ሄጄ ነው። ማድረቂያዎቹ ሲሽከረከሩ ጩኸታቸው ሰውን ከሰው ይጋርዳል፤ ለአንዲት ሐበሻ ልጅ ማልቀስ ዞር ብሎ የሚያይም የለም። ስለዚህ ንጹሑን ልብስ ሳይቀር አጥብ ነበር። እትዬ ለተብርሃን አንድም ቀን ለምን ብለው አልጠየቁኝም። በሌላ በኩል እናቴ አዲስ አበባ እንዴት እንደሆነች አስባለሁ። ያን ጊዜ እስር ቤት ለሞተ ሰው ድንኳን መጣል አይፈቀድም፤ እሷም እንደኔ ድምፅዋን ውጣ እንደምትውል እገምት ነበር።

መስፍን ክሳቴን አየ። አንድ ምሽት ፓስታ በበርበሬ እየበላን ቀና ብሎ ተመለከተኝ።

«ምነው፣ ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» አለኝ። «ሰውየው ሥራ አለው ወይስ እሱንም እኔ ላስተምርልሽ?»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ሳቅሁ። እሱም ሳቀና ሳህኑን ገፋ አድርጎ መንኮራኩሯን ከመስኮቱ ላይ አወረዳት። ክንፎቿ ተገጥመዋል፤ የቀረው ነጂውን አስቀምጦ መስታወቱን መዝጋት ነበር። ነጂውን በወረንጦ ይዞ ብሩሹን ለእኔ ሰጠኝ፤ እጅሽ ከእጄ ይቀጥናል አለ።

«ፊቱን አባባ እንደቀቡት አድርጊው።»

ብሩሹን ተቀበልኩ። ቀለሙን አብዝቼ ነክሬ ኖሮ የነጂው ደረት ላይ ፈሰሰ። ሽማግሌዎቹ ቢፈቅዱልኝ ኖሮ ያኔ እነግረው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ቀና ስል ግን ከጀርባው፣ ግድግዳው ላይ፣ በእጁ የጻፋቸውን የሒሳብ ቀመሮች አየሁ፤ ከመኝታው እስከ በሩ ድረስ ተለጥፈዋል። መስፍን ቀለሙን በጨርቅ ጠርጎ፣ «አይዞሽ፣ እንደገና» አለኝ። እንደገና ቀባሁት። ከአባታችን የተሻለ ሠራሽው ብሎ አመሰገነኝ።

ፈተናውን የጨረሰው ዓርብ ነው። ማምሻውን እንደ ልጅ ተንጋሎ ተኛ። ቅዳሜ ማለዳ ቁርስ ሳይበላ የበሩ ደወል ተደወለ። መስፍን ተነሥቶ በመስኮቱ ወደታች አየ። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል፤ ከኋላቸው ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሰዎች፣ ሴቶቹ ከኮታቸው ላይ ነጠላ አጣፍተው ቆመዋል። ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። የገረመኝ፣ እነሱን ብዙ አላየም። ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።

«ከግንቦት።»

«እየሳቅሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ደረጃው በሰው እግር መንጓጓት ጀምሮ ነበር። መልስ ሳልሰጠው ገቡና ከበቡት። ከዚያ በኋላ ያለው እንደማንኛውም ለቅሶ ነው፤ ክፍሏ በሰው ሞላች፣ ቦታ ለማስለቀቅ አንዱ መንኮራኩሯን አንሥቶ ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀላት። ቤት ስንቀይር የት እንደገባች አላውቅም።

መስፍን ፈተናውን አለፈ። መሐንዲስም ሆኖ ጡረታ ወጣ፤ አሁን ሰሜን እንግሊዝ ከልጆቹ ጋር ይኖራል፤ በየእሁዱ ይደውልልኛል። ስለ ጤናችን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ እናወራለን። የዚያን ማለዳ ጥያቄውን ግን ደግሞ አላነሳውም። እኔም አላነሳሁበትም። ቢነገረው ኖሮ ይወድቅ ነበር ወይ ስል እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ፤ የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ እኛ ሆነናል። ስልክ ወሬን በደቂቃ የሚያደርስ ቢሆንም ሰው አሁንም በማለዳ ተሰብስቦ ሄዶ ያረዳል፤ እኔንም ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ። ልማዱን አልነቅፍም። በሩ ሲከፈት ሌሎቹ መርዶ የሚነገረውን ሰው ለመያዝ ይቀድማሉ። እኔ የምፈልገው ሌላ ሰው ነው። ከቤቱ ውስጥ ቀድሞ የሰማ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ለብሶ፣ ታጥቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ወደዚያ እሄድና አጠገቡ እቆማለሁ።