የነፃው ቋንቋ ዋስ

በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ አምቦ ውስጥ የሚገኝ አንድ የምርጥ ዘር ድርጅት ለኮምፒውተር ቋንቋ ዋስ ይቅረብ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ነገሩ ያስቃል፤ ያን ጊዜም ብዙዎች ስቀውበታል። ዶርቃስ ባይሳ እሷም አብራ መሳቋን እስከ ዛሬ አትረሳውም።

ዶርቃስ የጊንጪ ልጅ ናት። አባቷ መምህር ባይሳ ሂሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ሂሳብ እያረሙ የሞቱ ሰው ነበሩ። እሷም ቁጥር የሚወድ ጭንቅላት ከሳቸው ወርሳ በ2006 አምቦ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ያ የተቃውሞ ዓመት ለአምቦ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ትምህርት ቆሞ ተማሪው ዶርም ውስጥ ጆሮውን አቁሞ በተቀመጠባቸው ሳምንታት፣ አንዲት የዶርም ጓደኛዋ ፓይተን የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ በፍላሽ ሰጠቻት። ሌላው ሰው ሲጨነቅና ሲጸልይ ዶርቃስ ደግሞ በላፕቶፕ ላይ አቀርቅራ ተማረችው።

ቋንቋው ሻጭ የለውም። በዓለም የተበተኑ ሰዎች በነፃ ይጽፉታል፣ በነፃ ያርሙታል፤ የፈለገ ሁሉ ወስዶ ይሠራበታል። ይህ ነገር የልጅቷን ልብ ሰረቀው። ለእናቷ ስታስረዳም «ደቦ ማለት ነው እኮ እማዬ» አለቻቸው። እናቷ ጥቂት አሰቡና «ማሳው የማን ነው ታዲያ?» ብለው ጠየቁ። ዶርቃስ «የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው» ብላ መለሰች፤ መልሷም ደስ አላት።

በ2009 ዘር ድርጅቱ ቀጠራት። ድርጅቱ በደንዲ፣ በጉደርና በአዲስ ዓለም ዙሪያ ገበሬዎችን አስተባብሮ የስንዴ ዘር ያባዛል። ክረምት ላይ ተቆጣጣሪዎች በየማሳው ይዞራሉ፤ በሽታ ያገኙበትን ማሳ ውድቅ ያደርጋሉ፣ የተረፈው ዘር ሆኖ ለሚቀጥለው ዓመት ይከፋፈላል። የሚፈሩት አረማሞን ነው። አረማሞ የያዘው ስንዴ ፍሬው ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ቢያበጥሩት፣ ቢያጥቡት፣ አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ቢያዩት ምንም የለውም። ተዘርቶ፣ በቅሎ፣ አምሮ ዛላ ሊያወጣ ሲል ነው በፍሬው ፋንታ ጥቁር ዱቄት ይዞ ብቅ የሚለው። ዱቄቱንም ንፋስ ወስዶ በአበባ ላይ ያለ የጎረቤት ስንዴ ውስጥ ይከተዋል፤ ጎረቤቱ ደግሞ የሚያውቀው በዓመቱ ነው።

ይህን ሁሉ መዝግቦ የሚያጣራው ከአዲስ አበባ የተገዛ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ በየሳምንቱ በኢንተርኔት ለባለቤቱ ካላመለከተ አይከፈትም። በ2012 ሐምሌ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት ጊዜ ዶርቃስ በዚያ በነፃው ቋንቋ፣ ያለ አንዳች ኢንተርኔት፣ በዘጠኝ ቀን ምትኩን ሠርታ አቀረበች። ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ዓብዲሳ ወንበራቸውን ስበው አጠገቧ ተቀመጡና «ይኼ ሁሉ ካለ ምን ስንገዛ ኖርን?» አሉ። የድርጅቱ ቦርድም አሮጌው ይቅር፣ በዚህ እንሥራ ብሎ ወሰነ።

ችግሩ የመጣው ከሕግ ክፍል ነው። መሥሪያ ቤት ማለት ከዕቃው ይልቅ የዕቃው ወረቀት የሚያሳስበው ፍጡር ነው። ሻጭ የለም፣ ውል የለም፣ ማኅተም የለም፤ ነገ አንድ ጥፋት ቢደርስ ማን ይጠየቃል? ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ሁሉ ዋስ እንደሚጠራ፣ ዶርቃስም ለዚህ ባለቤት ለሌለው ነገር ዋስ ትጥራ ተባለ።

ዋስ የሆኑላት የመጋዘኑ ኃላፊ ኦቦ ጅሩ ናቸው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ያስቆጠሯቸው መምህር ባይሳ ነበሩ። ወረቀቱ «ፕሮግራሙ ለሚያደርሰው ጥፋት ዋሱ ከሠራተኛዋ ጋር እኩል ይጠየቃል፤ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅም መልቀቂያ አይሰጠውም» ይላል። ሽማግሌው ብዕር አወጡ።

«ኦቦ ጅሩ፣ ሳያነቡት?» አለች ዶርቃስ።

«አንቺን አንብቤሻለሁ። አባትሽንም አንብቤያቸዋለሁ» አሉና ፈረሙ። ጡረታ ሊወጡ ልክ አንድ ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ያኔ ነው እንግዲህ ሁሉም የሳቀው።

በ2013 ጥር ፕሮግራሙ ቁጥጥሩን ያለፉትን ማሳዎች ዝርዝር አወጣ። ድሮ ሦስት ሳምንት የሚፈጀው በአንድ ከሰዓት አለቀ። ግንቦት ላይ ዘሩ ተከፋፈለ፣ ሰኔ ላይ ተዘራ። ሌሎች ድርጅቶች «እኛም በነፃው ቋንቋ ልንሠራ አስበናልና ባለሙያችሁን አውሱን» እያሉ ደብዳቤ ይልኩ ጀመር። ኦቦ ዓብዲሳ ስሟን በየስብሰባው ያነሳሉ። ዶርቃስም፣ ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ትንሽ ደረቷን ነፋ አድርጋለች።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ለእነዚሁ ድርጅቶች ሥልጠና ስታዘጋጅ፣ ለምሳሌ እንዲሆናት ያለፈውን ክረምት የነሐሴ ፋይል ከመደርደሪያ አወረደች። ፋይሉ ወፍራም ነው። ኮምፒውተሩ የነሐሴ ብሎ ከሚያሳያት ቁጥር ጋር አልመጣጠን አላት። ወረቀቱን አንድ በአንድ ቆጠረች። አርባ ወረቀት ይተርፋል። አርባዎቹም የጳጉሜን ሦስት ናቸው።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ተቆጣጣሪዎቹ በወረቀታቸው 3/13/2012 ብለው ጽፈዋል፤ ጳጉሜን ሦስት ማለት ነው። ቀን የሚያነበውን ክፍል ግን ዶርቃስ ራሷ አልጻፈችውም፤ ስሙንም አገሩንም የማታውቀው አንድ ደግ ሰው በነፃ ካስቀመጠውና እሷ ቀድሞ በፍላሽ ከያዘችው ነው የወሰደችው። ያ ሰው ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር በሆነበት አገር የሚኖር ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣበት ፕሮግራሙ አልጮኸም፤ ቀንና ወር ተቀያይረው ይሆናል ብሎ ቁጥሮቹን አገላበጠና ኅዳር 13 አደረጋቸው። ኅዳር ደግሞ ከቁጥጥሩ ጊዜ ውጭ ስለሆነ ወደ ጎን ተዋቸው።

በሰውየው አይፈረድም። ፍርዱ የእሷ ነው። መሥሪያ ቤቱ በዓመት አሥራ ሁለት ሪፖርት ነው የሚያወጣው፤ ደመወዝ አሥራ ሁለት ጊዜ ነው፤ ጳጉሜን በነሐሴ ፋይል ጀርባ ተሰፍታ ትቀራለች። ዶርቃስም ፕሮግራሙን ስትፈትን ለየወሩ አንድ የሙከራ ወረቀት እየሞላች አሥራ ሁለት ጊዜ ፈተነችው፤ አሥራ ሁለቱንም አለፈ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በገዛ እጇ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፤ ውድቅ ያልተባለ ማሳ ሁሉ አልፏል ይላል። ከአርባዎቹ የጳጉሜን ወረቀቶች በአሥራ አንዱ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «አረማሞ፣ ውድቅ» ተብሎ ተጽፏል። የአሥራ አንዱም ማሳ ዘር ከሌላው ጋር ተከፋፍሎ፣ አሁን ደንዲ ላይ በቅሏል።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ከመግባቷ በፊት መጋዘን ሄደች። ዋሷ ናቸውና መጀመሪያ እሳቸው ማወቅ አለባቸው አለች። ኦቦ ጅሩ ከባዶ ጆንያዎች መሃል ተቀምጠው የርክክብ ዝርዝር ይሠራሉ።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሻል?» አሏት ፊቷን አይተው።

ነገረቻቸው። ስትጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔም ከዚያው ዘር ነው የዘራሁት» አሉ። ቀጥለውም «ጋሮማን ታስታውሽዋለሽ?» አሉ። ጋሮማ ከሳቸው በፊት የመጋዘኑ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። አንድ ጉዳይ ይጣራ ተብሎ መልቀቂያ ተከልክሎ፣ ሦስት ዓመት በዚያ ኮሪደር ተመላልሶ፣ ንጹሕ ነህ የሚለው ወረቀት ሳይደርሰው ነው የተቀበረው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ብትናገሪ እኔ ከዚህ ግቢ አልወጣም። ስድስት ሳምንት ነው የቀረኝ። ዋቀዮ ያውቃል፣ ምንም ላይሆን ይችላል። ስድስት ሳምንት ብቻ ታገሺኝ።»

«ኦቦ ጅሩ፣ ገበሬዎቹስ?»

«እኔም ገበሬ ነኝ» አሉ፤ ቀና ብለውም አላዩዋት።

ዶርቃስ እሺ አለች። እዚህ ላይ ማስተባበያ መፈለግ አያስፈልግም። ለሽማግሌው አዝና ነው፤ ደግሞም ፈርታ ነው፤ ሁለቱ በምን መጠን እንደተደባለቁ እሷም ራሷ አታውቀውም። አርባዎቹን ወረቀቶች ወደ ፋይላቸው መለሰችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሰው ጊዜ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ለማየት ጊንጪ ስትሄድ በሚኒባሱ መስኮት ስንዴውን ታያለች። እንደዚያ ክረምት አምሮ አያውቅም። ዝናቡ በልኩ ይወርዳል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴው ጥቅጥቅ ብሏል። ተሳፋሪው «ዘንድሮስ ጥጋብ ነው» ይባባላል። እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች። በጸሎት ቤት ስለ መኸሩ ምስጋና ሲቀርብ አሜን ለማለት አፏ እምቢ አላት። ሥልጠናዋን ሰጠች፤ ሰዎች አጨበጨቡላት፤ ፕሮግራሟን በፍላሽ እየገለበጡ ወሰዱ። የቀኑን ክፍል አርማዋለች፤ ለምን እንዳረመችው ግን ለማንም አልተናገረችም።

ነሐሴ 28፣ ዓርብ፣ ኦቦ ጅሩ ዋስትናቸው ወርዶ መልቀቂያቸውን ተቀበሉ። ሰኞ፣ ጳጉሜን አንድ፣ ዶርቃስ ሁሉንም የጻፈችበትን ደብዳቤ ኦቦ ዓብዲሳ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ሰውየው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ተነስተው በሩን ዘጉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

መልስ ሳትሰጥ ስልኳ ጮኸ። ኦቦ ጅሩ ነበሩ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም፤ «ነገ ነይ፣ ነይና እይ» ብቻ ብለው ዘጉት።

በማግስቱ ደንዲ ወረደች። ማሳው ከአስፋልቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ከሩቅ ሲታይ የተቃጠለ ይመስላል። ሽማግሌው ዳር ላይ ቆመዋል፤ አንዱን ዛላ ቆርጠው በጣታቸው ሲያሹት ጥቁሩ ዱቄት እንደ ጥላሸት ቡን ብሎ ወደ ቁልቁለቱ ሄደ። ንፋሱ ከደንዲ ሐይቅ በኩል ነበር።

ከታች ያለው ማሳ የጎረቤታቸው የአዴ ባየሽ ነው። ስንዴያቸው ገና አበባ ላይ ነው፤ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ። ሴትዮዋ እንግዳ ሲያዩ እየሮጡ መጡ።

«አካም ጅርቱ! ከመሥሪያ ቤት ነሽ አይደል? አይዞሽ፣ ፈጣሪ ያመጣውን ማን ይመልሳል» አሉ፤ ዶርቃስን ማጽናናታቸው ነው። ወደ ኦቦ ጅሩ ዞሩና «የእኔ ድሮ ከአባቴ የያዝኩት ዘር ነው፤ የእናንተን አልወሰድኩም። አያችሁ፣ አንድ ጥቁር የለበትም! ለከርሞ ለእርስዎም፣ ለተጎዱት ጎረቤቶች ሁሉ ዘር ከእኔ ነው። ቃሌ ነው» አሉ።

ንፋሱ መጣ። ጥቁሩ ዱቄት ከኦቦ ጅሩ ማሳ ተነስቶ፣ በሦስቱም ፊት አልፎ፣ በዚያ በአበባ ላይ ባለ ስንዴ ላይ ሲያርፍ ዶርቃስ አየችው። ሽማግሌው በዚያ ሐምሌ፣ በመጋዘኑ፣ ያላዩዋትን አሁን ቀና ብለው አዩዋት።

«አዴ ባየሽ» አለች ዶርቃስ። «ከዚህ ስንዴ ዘር አይያዙ። ይብሉት እንጂ ለማንም እንዳይሰጡ። ዛሬ አይታይም፤ ገብቶበታል። የዛሬ ዓመት እንደዚህ ነው የሚሆነው።»

«የእኔ? የእኔ እኮ ደህና ነው።»

«አሁን ነው የገባበት። እያየን። የሰጠነው ዘር እንደታመመ እናውቅ ነበር።»

ሴትዮዋ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ተመለከቱ። ነጠላቸው ላይ ያረፈውን ጥቁር ነገር በመዳፋቸው ጠረጉት፤ አልለቀቀም።

«መቼ ነው ያወቃችሁት?»

«ሐምሌ ላይ» አለች ዶርቃስ።

«ሐምሌ ላይ» አሉ ባየሽ ቀስ ብለው፣ «ስንዴው ገና ሣር ነበር እኮ። ገልብጠውት ሽምብራ ይዘሩበት ነበር።»

«ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ጅሩ። «እሷ ልትናገር ነበር። እኔ ነኝ።»

ባየሽ ወደ ማሳቸው ዞሩ። የአባታቸውን ስንዴ አንድ ዛላ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ከንፋሱ ሊከልሉት እንደሆነ ለሁለቱም ግልጽ ነበር።