ላስቲኩ ያልወለቀ ፍራሽ

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህችን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። ሥራዬ ሰው የደበቀውን መጠየቅ ነው፤ እኔን የጠየቀኝ ስላልነበረ ዝም አልኩ። አሁን ዝምታውን መሸከም አቃተኝ።

ከሰበታ ወጣ ብሎ የወጣት አጥፊዎች ማቆያ ነበር። ልጆቹ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ይተኛሉ፣ ሲታመሙ ሐኪም አያያቸውም ሲሉ የከረሙት ወላጆች በመጨረሻ ማቆያውን ፍርድ ቤት ከሰሱት። ከከሳሾቹ አንዱ ኦቦ ደሜ ናቸው፤ ቡራዩ ድንጋይ ካባ ውስጥ የሚሠሩ ሰው። ልጃቸው ገመቹ ሳንባውን ታሞ እዚያው ታስሮ ነበር። ጠበቃቸው ሰናይት፣ ዋናው ክርክር እስኪያልቅ ድረስ ልጆቹ መኝታና ሕክምና እንዲያገኙ አስቸኳይ ትእዛዝ ይሰጥልን ብላ አመለከተች። ማቆያው ክሱ ሐሰት ነው አለና ጋዜጠኛ ጠራ። የተጠራሁት እኔ ነኝ።

ለምን እኔ? ስሜ ንጹሕ ስለነበር ነው። ያላጣራሁትን አልጽፍም፤ በጻፍኩትም ላይ እርማት ወጥቶ አያውቅም። በዚህ እኮራ ነበር። እንዴት እንደምኮራ ብታዩኝ!

ክፍሉ ታጥቦ ጠበቀኝ። ፍራሾቹ ወለሉ ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም ከነላስቲካቸው። ኃላፊው ስልክ ሊያነሳ ወጣ ሲል፣ አንዱ ላይ ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ።

«ጋሼ፣ ኧረ ቀስ ብለው!» አለኝ አንድ ከሲታ ልጅ፤ ሳቁን ሳል እያቋረጠው። «ላስቲኩ ከተቀደደ ባለሱቁ አይቀበለንም ተብለናል።»

«ዛሬ ሆቴል ነን» አለ ከጎኑ ያለው። «ማታ ግን ቼክ አውት ነው።»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። የከሲታውን ስም ጠየቅኩት።

«ገመቹ ደሜ። ይጻፉት፣ አልፈራም።»

ጻፍኩት። ኃላፊው ሲመለስ ስለ ፍራሾቹ ጠየቅኩት፤ «ልጆች አይደሉ እንዴ? ይቀልዳሉ» ብሎ ሳቀ። እኔም ለራሴ፣ የልጅ ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም አልኩ። ሰበታ ከተማ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ዘገባዬን ጨረስኩና ላክሁ። «በጎበኘነው ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ፍራሽ ተዘርግቷል።» ይህን ነው የጻፍኩት። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ የውሸት ቃል አታገኙም። እኔ ራሴ ደጋግሜ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ከካፌው ወጥቼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለ ፍራሽ መሸጫ በር ላይ አንድ አይሱዙ ቆመ። ፍራሾች ማውረድ ጀመሩ፤ ከነላስቲካቸው። ከሚያወርዱት አንዱ ጠዋት የማቆያውን በር የከፈተልኝ ጥበቃ ነው። ረዳቱ «አዲስ አበባ! የሞላ፣ የሞላ!» እያለ ይጮኻል። እኔ በመስኮት አያለሁ። ስልኬ እጄ ላይ ነው። ጋዜጣው ገና ማተሚያ ቤት አልገባም። አለቃዬ ጋ ደውዬ «ያዘው» ማለት ይበቃ ነበር።

አልደወልኩም።

ምን ያዘኝ? ማስፈራሪያ አልደረሰኝም። ጉቦም አልበላሁም። ያንቀኝ የነበረው «ተታለልኩ» የሚለው ቃል ነው። እኔ፣ ማንም የማያታልለኝ ሰው፣ ጠዋት ተሞኝቼ ከሰዓት ነቃሁ ልበል? አፈርኩ። ለስሜ ብዬ ልጅ ሲሚንቶ ላይ አስተኛሁ። ማታ ሱሉልታ ቤቴ ገባሁ፤ ብርድ ስለነበር ብርድ ልብስ ደረብኩ። እንቅልፍም አልነሳኝም። ይህንንም እወቁት፤ ደህና አድርጌ ተኛሁ።

በችሎቱ ቀን ከዘጋቢዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። የማቆያው ጠበቃ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ዓረፍተ ነገሬን አነበበ። «ይህን ያየው ከማንም ያልወገነ ጋዜጠኛ ነው» አለ። ዳኛዋ አስቸኳይ ትእዛዝ ለመስጠት የሚያበቃ ምክንያት አላገኘንም አሉ። ብድግ ብዬ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ፍራሾቹ ሲመለሱ አይቻለሁ» ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። እኔ ግን አቀርቅሬ የዳኛዋን ቃል ሳላዛባ መዘገብኩ። ቃል በቃል።

ገመቹ ክረምቱን አልጨረሰም። ሳንባው ነው አሉ።

ቡራዩ ለቅሶ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ኦቦ ደሜ ከድንኳኑ መሀል ተነስተው መጡና እጄን ያዙ። እጃቸው እንደሚፈልጡት ድንጋይ ሻካራ ነው።

«ነግሮኝ ነበር» አሉኝ። «ልጠይቀው ስሄድ፣ ‹አባ፣ ለጋዜጠኛው ፍራሹን ነገርኩት፤ ስሜንም ጻፈው› አለኝ። ያን ቀን እንዴት ደስ ብሎት ነበር መሰለህ።»

እጄን ሳይለቁ ቀጠሉ።

«አንተማ ጽፈኸዋል። የቆረጡት አለቆችህ ናቸው። አውቃለሁ፣ አይዞህ።»

ምን አደረግኩ? አንገቴን ነቀነቅኩ። አዎ እንደሚል ሰው ነቀነቅኩ። እሳቸውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አጽናኑኝ። ልጁ የሞተበት አባት፣ በልጁ ለቅሶ ላይ፣ እኔን አጽናና! የመጀመሪያው ጥፋቴ የኩራት ነው ብዬ ላለሳልሰው ሞክሬያለሁ። ይህኛውን ምን ልበለው? ከሐዘንተኛ ላይ ምን ሰረቅኩ?

ሰናይት እንደምትለኝ፣ ኦቦ ደሜ ላገኙት ሰው ሁሉ «ደፋር ጋዜጠኛ ነበር፣ አፈኑት እንጂ» እያሉ ይናገራሉ። ዋናው ክስ አሁንም አልተዘጋም። ዛሬ ጠዋት ደውዬላት ያየሁትን ነገርኳት፤ ለምስክርነትም እቀርባለሁ። «አሁን?» ብቻ አለች። ምስክርነቴ ለቀሩት ልጆች ይደርስ ይሆናል። ለገመቹ አይደርስም።

ኦቦ ደሜ፣ ይህ ከመታተሙ በፊት ቡራዩ መጥቼ ራሴ አነብልዎታለሁ። ፊትዎ ቆሜ የምለው ይህን ነው። አለቆቼ አንድ ቃል አልቆረጡም። የሚቆረጥ ነገር አልሰጠኋቸውም። ልጅዎ ነገረኝ፣ በዓይኔም አየሁ፣ አልጻፍኩትም። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አላስቸግርዎትም። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ያሉኝን «አይዞህ» ግን መልሰው ይውሰዱት።