ነቀርሳን የሸኘሁበት ብስክሌት

ያኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ የነበረችው ብስክሌት አንዲት ናት፤ እሷም የኔ ነበረች። የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ስለነበርኩ ስፖርት የሚባል ጣጣ ሲመጣ ሁሉም በኔ ላይ ይጥለዋል። «ለነቀርሳ ምርምር መዋጮ በስፖርት እንቅስቃሴ ይሰብሰብ» የሚል ደብዳቤ ከበላይ በመጣ ጊዜም የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንብቦ ሳይጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። በስማዳ አድርጌ፣ ታች ጋይንት አርብ ገበያ ድረስ፣ ደርሶ መልስ በብስክሌት። መንገዱ ግማሹ ገደል መሆኑን እሱም ያውቃል። «አብዮታዊ ግዴታ ነው፣ ጓድ» አለኝ።

እምቢ ማለት አያቅተኝም ነበር። እሺ ያልኩት በእናቴ ምክንያት ነው። ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ከወጣባት ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር፤ የምናውቀውም እሷና እኔ ብቻ ነን። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት እንሂድ ባልኳት ቁጥር፣ «በዘር ነው ይላሉ። የታጨች እህትህን ማን ሊወስዳት ነው? ሁለተኛ ስሙን እዚህ ቤት እንዳታነሳው» ትለኛለች። በኛ አገር የዚያ በሽታ ስም አይጠራም፤ ከተጠራ አቤት ብሎ ይመጣል። እኔ ደግሞ ስሙ በጠራራ ፀሐይ ሦስት ወረዳ ቢዞር ሰው ይለምደዋል፣ እናቴም ትደፍራለች ብዬ አሰብኩ። የመምህር ሐሳብ ነው እንግዲህ።

ከጀርባዬ የሚታሰር ቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ ቀለም «ነቀርሳ ይውደም» እንዲጻፍልኝ ታዘዘ። ጸሐፊው ፊደሉን ሲያገዝፍ ቀለሙ «ነቀርሳ» ላይ አለቀበትና «ይውደም»ን በጠመኔ ጨረሰው። ስማዳ ሳልገባ የሚያዝያ ካፊያ ጠመኔውን አጠበው።

ስማዳ መግቢያ ላይ አንድ ቄስ አስቆሙኝና ጀርባዬን አነበቡ። አማተቡ።

«ምን ልታደርገው ነው ይዘኸው የምትዞረው?»

«እንዲጠፋ ነው፣ አባ። የሚሰበሰበው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሐኪሞች ይመራመሩበታል።»

አጠገባቸው የቆሙ አሮጊት ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ክፉ በሽታ በአገሩ ሲያንዣብብ ይሸኛል፤ ሰው ሁሉ ያለውን ሦስት ጊዜ በራሱ ላይ አዙሮ፣ ወሰን ለሚሻገር ሰው ይሰጣል፣ ሸኚውም ወደ ኋላ አያይም። «እሰይ፣ ወሳጁ መጣልን» አሉና ከመቀነታቸው ሳንቲም ፈቱ። ምርምር ምን እንደሆነ ላስረዳ ሞከርኩ፤ የሰማኝ የለም። ሳንቲም በራስ ላይ እየዞረ፣ መሪው ላይ ወዳንጠለጠልኩት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ገባ። ደረሰኝ ልቁረጥ ስል ሸሹኝ። የበሽታ ደረሰኝ ማን ቤቱ ይዞ ይገባል?

ከዚያ ወዲያ ፔዳል መርገጥ ቀረልኝ። በየመንደሩ ጎረምሶች ከነብስክሌቴ ሽቅብ እየገፉ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ ወሰኑን ያሻግሩኛል፤ ወሰኑ ላይ የሚቀጥለው መንደር ሰው፣ እኔ ሳልቆም እንዳልፍ ሳንቲሙን ጨብጦ ይጠብቀኛል። ውሃ እንኳ ያቀበሉኝ በአጥር ላይ ነው። አርብ ገበያ የደረስኩት ገበያው በደራበት ሰዓት ነበር፤ ያ ሁሉ ገበያተኛ ከነአህያው ለሁለት ተከፍሎ አሳለፈኝ። ቆርቆሮው ሞላ፣ አልሸሽግም፣ ኮራሁ።

የረሳሁት ደርሶ መልስ መሆኑን ነው። የተሸኘ በሽታ ደግሞ አይመለስም። ፊቴን ወደ መካነ ኢየሱስ አዙሬ የመጀመሪያው ወሰን ላይ ስደርስ፣ ትናንት የገፉኝ ጎረምሶች ዱላቸውን አጋድመው ቆመዋል። «ወደዚያ ውሰድ ብንልህ መልሰህ ታመጣብናለህ?» ብስክሌቴን ተሸክሜ፣ መንደር በሸተተኝ ቁጥር እየተጠማዘዝኩ፣ በሸለቆ በሸለቆ ሁለት ቀን ተጓዝኩ። ምርምርንም፣ ሊቀመንበሩንም፣ ራሴንም ረገምኩ።

ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ለአቀባበል የተጠራው ሕዝብ ከከተማው ዳር ተኮልኩሎ፣ ስጠጋ ወደ ኋላ ይላል። ሊቀመንበሩ ንግግሩን ከሩቅ አነበበ። ገንዘብ ያዡ «እዚያው መሬት ላይ አስቀምጠው» አለኝ። አስቀመጥኩት። የሚያነሳው ጠፋ። ሊቀመንበሩ ገንዘብ ያዡን፣ ገንዘብ ያዡ ጸሐፊውን፣ ጸሐፊው ጫማውን ያያል። ሦስት ወረዳ ያዋጣው ገንዘብ አቧራ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አብዮተኛው ሁሉ ፈራው።

እናቴ ከሰው መሃል ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀስ ብላ መጥታ ቆርቆሮውን አነሳችና ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እኔን ከዚህ በላይ ምን ያደርገኛል? ነቀርሳ ጡቴ ላይ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው።»

እህቴም ከሰው መሃል ወጥታ እጄን ያዘችኝ። አለቀስኩ። አፍሬም ነው፣ ደስ ብሎኝም ነው፤ የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴና እኔ ሐኪም ቤት ልንሄድ በደብረ ታቦር አውቶቡስ ተሳፈርን። ቆርቆሮውን ባንክ እንድናስገባ ቀበሌው በደብዳቤ ወክሎን ነበር። የእህቴ እጮኛ የእናቴን ጓዝ በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ፣ ክንዱን የቻለውን ያህል ዘርግቶ በመስኮት አቀበለን፤ መምጣቱን ግን መጣ። ተሳፋሪው ከኛ ርቆ በላይ በላዩ ተደራርቦ፣ ከፊታችንና ከኋላችን ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

እናቴ እግሯን ዘረጋች። ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አመቻችታ ዙሪያዋን አየችና፣ «ይኼን ያህል ቦታ እንደሚለቁልኝ ባውቅ» አለችኝ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ አልደብቀውም ነበር።»