ቀድሞ የተዘጋ ስልክ

የአምቡላንስ መጥሪያ ማዕከሉ ውስጥ «ጆሮ» ነበር የሚሏት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ የሰው ጭንቀት ስትሰማ የኖረች ሴት ሌላ ምን ተብላ ትጠራ? ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ ሹፌር ነው፤ እሷም አልጠላችውም። ትሁት ነበረች ብል ውሸቴን ነው። ሰው ፊት «ኧረ ተዉኝ» ትላለች እንጂ ቤቷ ስትገባ ስሙን እያስታወሰች ፈገግ ትል ነበር።

አዲስ ሰልጣኝ በመጣ ቁጥር የምታስተምረው አንድ ነገር ነበራት። «የሚጮኸውን አትፍሩት» ትላለች፤ «የሚጮህ ሰው ትንፋሽ አለው። ቀስ ብሎ፣ ይቅርታ እየጠየቀ የሚያወራውን ነው የምትፈሩት።» ይህን ያስተማራት መጽሐፍ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ደወለና በጣም በጨዋ ድምፅ ክሊኒኩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቃት። ጥያቄው ይኸው ብቻ ነው። እሷን ግን ሆዷን ባር ባር አላት። አድራሻውን ተቀብላ፣ ያለ አንዳች ምክንያት፣ መኪና ላከች። ሹፌሩ በመንገዱ ሁሉ ሲራገም ሄዶ ሰውዬውን ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘው። ከዚያ ወዲህ እሷ «ውጡ» ካለች ሹፌሮቹ የጫማቸውን ክር ሳያስሩ ይወጡ ነበር።

«እንዴት አወቅሽ?» ሲሏት ሆዷን መታ መታ ታደርጋለች። «ይቺ ነች የምትነግረኝ።»

እንግዲህ ያ ክፉ ክረምት መጣ። ዝናቡ መንገዱን ሁሉ አጨቅይቶት አደጋው በዛ። ከስምንቱ የስልክ ተቀባዮች ሁለቱ ስራ ለቀቁ፣ አንዷ ወለደች። «ጆሮ» የፈረቃ መሪ ተብላ ተሾመች፤ ሹመት ማለት የራሷን ስልክ እየተቀበለች የሌላውንም ጉድ መሸከም ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ቤት እየቀየረች ነበር። ሳሎኗ በካርቶን ተሞልቶ፣ ጠዋት ጠዋት የሚለበስ ልብስ የምታወጣው እንደ ሌባ እየበረበረች ነው። ዳቦ ቆማ ትገምጣለች፤ እንቅልፏን አውቶቡስ ውስጥ ትጨርሳለች።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ አዲስ ማሽን ገባ። ስልኩ በተነሳ ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰከንድ መቁጠር ይጀምራል፤ ዘጠና ሲያልፍ ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። በየሳምንቱ መጨረሻ ማን ቶሎ እንደዘጋ፣ ማን እንደተጎተተ የሚያሳይ ዝርዝር ታትሞ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ይለጠፋል። ለጣፊው አለቃ ነው፤ በዕድሜው አንድም የጭንቅ ስልክ አንስቶ የማያውቅ፣ ክራቫቱ ግን ሁልጊዜ የተስተካከለ ሰው። በመጀመሪያው ሳምንት የ«ጆሮ» ስም ከታች ሁለተኛው ላይ ነበር። ስታነበው ሰው እንዳያያት ቀና ሳትል አለፈችው።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ደውላ ስለ ራስ ምታት ስታወራ ሆዷን ባር ባር አላት፤ ሰከንዱን አየችና ዘጋችው። ማታ አጣራች፤ ሴትየዋ ምንም አልሆነችም። ሌላም ጊዜ እንዲሁ ሆነ፤ ምንም አልመጣም። በሶስተኛው ጊዜ ሆዷን ሰምታ መኪና ላከች፤ የተገኘው ግን በሰላም ተኝቶ የነበረ፣ ለምን ቀሰቀሳችሁኝ ብሎ የተቆጣ ጎልማሳ ነው። አለቃ ወንበሯ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«እኛ እዚህ የምንሰራው በቅፅ ነው» አለ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። «በሆድ አይደለም።»

ሁሉም ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከሁሉም የበለጠ የሳቀችው እንዲያውም እሷ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሆዷ ሲናገር «ርቦኝ ነው» ትልና ዳቦ ትጎርስበታለች። ስሟም ከዝርዝሩ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

እናቷ ከማዕከሉ የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቃ ብቻዋን ትኖራለች። ሰላሳ ዓመት አስተማሪ ነበረችና ድምፅዋ እስከ ዛሬ የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ተማሪ የሚጮህ ነው። ስልክ ስታወራ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ሰላምታዋ ወቀሳ ነው፤ «አለሁ እንኳ አትይም!» ብላ ትጀምርና ስለ ቧንቧው፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤቷ ድመት ታወርዳለች። ደግሞ አንዴ ከያዘች አትለቅም። በዕድሜዋ ቀድማ ስልክ የዘጋችበት ቀን አልነበረም፤ «እማዬ፣ በቃ ልዝጋው» ተብላ ተለምና ነው የምትዘጋው። በዚያው ክረምት መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ትዕግስቷ አለቀና «በየሰበቡ በስራ ሰዓት አትደውይልኝ፣ ሰው ይታዘበኛል!» ብላ ጮኸችባት። እናትየው ሶስት ቀን አኩርፋ ከረመች። ከዚያ በኋላ በስራ ሰዓት ደውላ አታውቅም ነበር፣ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ።

ሐሙስ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የእጅ ስልኳ ነዘረ። «ጆሮ» በአንድ እጇ የፈረቃ ሰሌዳ እየሞላች ነበር።

«እማዬ፣ ምነው? ስራ ላይ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። አልቆይም።»

«ምን ሆንሽ?»

«ኧረ ምንም። ዛሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ብርጭቆ አመለጠኝ፤ ሌላ ባነሳ እሱም አመለጠኝ።»

«ለብርጭቆ ነው ታዲያ? ሌላ እገዛልሻለሁ። ስብርባሪው እንዳይቆርጥሽ፣ በደንብ ጥረጊው።»

«እሺ። መቼ ትመጫለሽ?»

«እሁድ አልኩሽ አይደል እንዴ?»

«እሺ... ይቅርታ፣ ረበሽኩሽ። በይ ልተውሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። የዘጋችው እናትየው ናት።

ያኔ ሆዷ ተናገረ። እንደ ድሮው በሹክሹክታ አልነበረም። እስክሪብቶዋ ሰሌዳው ላይ ቆመ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰልጣኝ ሲመጣ ስትሰብከው የኖረችው ነገር፣ ቀስ ያለው ድምፅ፣ ይቅርታው፣ አሁን በገዛ እናቷ አፍ ተነግሯታል። ይህን አታውቅም ነበር ብዬ ልሸፍናት አልችልም። አውቃለች። አውራ ጣቷ መልሳ ልትደውል ቁጥሩ ላይ ደርሳ ነበር። ከዚያ ከፊቷ ያለው መስመር አንጫረረ፣ ሰከንዱ መቁጠር ጀመረ፣ አለቃ ደግሞ በመስታወቱ በኩል ሲያልፍ አየችው። «ደክሞኝ ነው» አለች ለራሷ። «ስጨርስ እደውልላታለሁ።» ማዳመጫውን አስተካክላ መስመሩን አነሳች።

ደዋዩ ቀለበት ከጣቱ አልወጣ ያለው ሰው ነበር። ጣቴ ሊቆረጥ ነው እያለ ይጮሃል። ሳሙና ቀባው፣ እጅህን ወደ ላይ አንሳው፣ አትሳበው፣ እያለች አራት ደቂቃ አባበለችው። ቀለበቱ ወጣ፤ ሰውዬው እናቷን መረቀላት።

ከዚያ በኋላ ሌላ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። መልሳ አልደወለችም። አለቃ በአጠገቧ ሲያልፍ «በርቺ፣ በዚህ ሳምንት ሁለተኛ ነሽ» አላት፤ ደስ አላት፤ ይህንንም ልደብቅላት አልችልም።

የማዕከሉ ደንብ፣ ተቀባዩ አድራሻውን ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ እንዲደግም ነው፤ ደዋዩ እንዲያርም፣ የፈረቃ መሪውም ሰምቶ የቅርቡን መኪና እንዲመርጥ። ስድስት ሰዓት ከሰላሳ አምስት ላይ ከጎኗ የተቀመጠችው አዲሷ ሰልጣኝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመች፦

«ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ምድር ቤት፣ ቁጥር ሶስት። ልድገመው፤ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር...»

«ጆሮ» ሁለተኛውን አልጠበቀችም። ቀለሙ የተላጠውን ያን በር ልጅ ሆና የቀባችው ራሷ ናት። አፏ ግን ስራውን ያውቃልና ያለ እሷ ሄደ፤ «አራት ቁጥር መኪና፣ ከገበያው ማዞሪያ፣ ውጡ።»

ሰልጣኟ ቅፁን እየተከተለች የደወለችውን ጎረቤት ትጠይቃለች። «ትተነፍሳለች? ጥሩ። ታወራለች?» ሰማችና፣ እንደተማረችው፣ መልሱን ጮክ ብላ ደገመችው። «ዓይኗ ክፍት ነው፣ ታያለች፣ አትናገርም። ወጥ ቤት ወለል ላይ። ከወደቀች ቆይታለች፣ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ውሃው በር ድረስ ወጥቷል።» ከዚያ ዘወር አለች። «እትዬ? ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«እናቴ ናት» አለች «ጆሮ»። ድምፅዋ በጣም ቀስ ያለ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀቻት፤ እሷ ራሷ ለስንቱ ደዋይ ስትጠይቅ የኖረችውን። «መቼ ነው የጀመራት?»

«ከረፋዱ አራት ሰዓት አካባቢ።»

«ጎረቤቷ ያገኘቻት ግን ስድስት ተኩል ላይ ነው አሉኝ። እንዴት አወቅሽ?»

«ደውላልኝ ነበር።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ይዛ ጥቂት አየቻትና ሰዓቱን መዝገቡ ላይ ጻፈች። አልተቆጣቻትም። መድኃኒቱ ተሰጠ። በማግስቱ ግን የእናቷ አንጎል ውስጥ የደሙ መንገድ ተዘግቶ እንደነበር፣ ቀኝ ጎኗ እንደማይንቀሳቀስ፣ ንግግሯም መመለሱን እንደምትጠራጠር ነገረቻት። «ወዲያው መጥታ ቢሆን ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር» አለች። «የሚነገራትን ሁሉ ግን ትሰማለች። ትረዳለችም። አውሯት።»

ወንድሟ ከሌላ ከተማ መጣ። ታላቋ ነው፤ «ጋሼ» ነው የምትለው፤ ግዙፍ፣ ሆደ ባሻ ሰው፣ እናቱን አይቶ ኮሪደር ላይ እንደ ህፃን ያለቀሰ። ሶስት ቀን አልጋው ስር ፍራሽ ዘርግቶ አስታመመ። «ጆሮ» ግን እረፍት ስጡኝ እንኳ አላለችም፤ በፈረቃዋ እየገባች፣ በምሳ ሰዓት እየመጣች፣ የእናቷን ግራ እጅ ይዛ ትቀመጣለች። እጁ ሞቃት ነበር፤ ይጨብጣትም ነበር። ከዚያች እጅ በስተቀር ደግፎ የሚያቆማት ምንም ነገር አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ወንድሟ የእናቱን ስልክ ቻርጅ አድርጎ፣ ለወዳጅ ዘመድ ልደውል ብሎ ከፈተው። ጣቱ ቆመ።

«የመጨረሻ የደወለችው ላንቺ ነው» አለ። «ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ከሩብ። ያነሳሽውም ይመስላል። አውርታችሁ ነበር?»

«ጆሮ» የእናቷን እጅ እንደያዘች ነው። እናቷ ትራስ ተደግፋ ሁለቱንም ታያቸዋለች።

«ትንሽ» አለች።

«ምን አለችሽ?»

ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ ሲንኳኳ አለፈ።

«ምንም። ደህና ነኝ ነው ያለችኝ።»

«ምንም አልነገረችሽም?»

«ምንም። አሞኛል ብትል ኖሮ፣ እኔ ነኝ መኪና የማጣው ጋሼ?»

ወንድሟ ስልኩን አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጎንበስ ብሎ የእናቱን ግንባር ዳበሰ። «እማዬ» አላት፣ እንደሚወዱት ህፃን እየተቆጣት፤ «ለምን ደበቅሽን? ልጅሽ እዚያው የአምቡላንሱ ስልክ ላይ ተቀምጣ! አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብትነግሪያት ምን ነበረበት? በገዛ እጅሽ እኮ ነው እንዲህ የሆንሽው።»

እናትየው አፏን ከፈተች። ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ወደ ቃል ሊለወጥ ታገለና ምራቅ ሆኖ በአፏ ጥግ ወረደ። ወንድሟ በመሐረብ ጠረገላት። እናትየው ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ግራ እጇን ቀስ አድርጋ ከልጅቷ መዳፍ ውስጥ አወጣችና ብርድ ልብሱ ስር ከተተችው።

«በርዷት ነው» አለ ወንድምየው፣ ብርድ ልብሱንም እስከ አገጯ ድረስ አለበሳት።